ከቀፊራ የወጣ ፓኬት የት ይሄዳል? አድራሻ፣ መንገድና ፕሮቶኮል

በድሬዳዋ ለኮምፒውተርና ለሞባይል ጥገና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለሱቅ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አባቶችና እናቶች ከፊት ተቀምጣችኋል፣ ወጣቶቹ ከኋላ ናችሁ፤ ለሁላችሁም እንዲገባ አድርጌ ለመናገር እሞክራለሁ።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ የጠፋበት ቦታ አለው። ያንን ቦታ ማወቅ ይቻላል፤ ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ፓኬት ከእጃችን ወጥቶ እስኪመለስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች መረዳት ይበቃል። በከተማችን ግን ስልኩ አልከፍት ሲል “ኔትወርክ የለም” ተብሎ ይታለፋል። ባለሱቁ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። ካልሆነ ስልኩን ፍላሽ ያስደርጋል፣ ማለትም ሶፍትዌሩን አስጠፍቶ እንደገና ያስጭናል፤ ፎቶዎቹ ይጠፋሉ፣ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ችግሩ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ይህ ያሳዝነኛል። የሰው ገንዘብና ማስታወሻ የሚጠፋው አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ምርመራ ሊለይ በሚችል ነገር ነውና።

ከእኛው አካባቢ ልነሣ። በአገራችን የስልክ መስመር ዝርጋታ የተጀመረው በ1894 ነው፤ መስመሩም ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትሩ መስመር ነበር። ድሬዳዋ ያን ጊዜ አልተቆረቆረችም፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው። በዚያ ስልክ ሐረር ያለው ሰው አዲስ አበባ ካለው ጋር ሲነጋገር ሽቦው ለሁለቱ ብቻ ይያዛል። ሁለቱ ዝም ቢሉም ሽቦው ተይዟል፤ ሦስተኛው ሰው ተራውን ይጠብቃል። የዓለም ስልክ ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖረው በዚህ አሠራር ነው።

በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፖል ባራን፣ ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ሌላ ሐሳብ አመጡ። መልእክቱ ይቆራረጥ፣ በየቁራጩ ላይ አድራሻ ይጻፍበት፣ ሽቦውም ለማንም ሳይያዝ የሁሉም ቁራጭ ተራ በተራ ይለፍበት። ቁራጩን ፓኬት እንለዋለን። በተለመደው መስመር ላይ አንድ ፓኬት ቢበዛ 1,500 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በስልካችሁ ያነሣችሁት የ3 ሜጋባይት ፎቶ ወደ 2,000 ፓኬት ሆኖ ነው የሚወጣው። ሁለት ሺሁም እያንዳንዱ ለብቻው መንገደኛ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ የመሄድ ግዴታ የለባቸውም፤ በተላኩበት ቅደም ተከተልም ላይደርሱ ይችላሉ።

እያንዳንዱ ፓኬት የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይዞ ይጓዛል። መሣሪያዎች የሚነጋገሩበትን ደንብ ፕሮቶኮል እንለዋለን። በ1981 በወጣው አራተኛው የአይፒ ፕሮቶኮል መሠረት አድራሻው 32 ቢት፣ ማለትም 32 የዜሮና የአንድ አሃዝ ነው፤ ለሰው ዓይን እንዲመች አራት ቦታ ከፍለን በቁጥር እንጽፈዋለን። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በየቤታችሁ የምታዩት 192.168.1.5 ዓይነት ነገር ይኸው ነው።

የአድራሻው ብልኃት ሁለት ክፍል ያለው መሆኑ ነው። የመደበኛ ስልካችንን አስቡት። 025 ብላችሁ ስትጀምሩ አዲስ አበባ ያለው ማዞሪያ የቀሩትን አሃዞች መመርመር አያስፈልገውም፤ ወደ ምሥራቅ ይልከዋል። ድሬዳዋም ሐረርም በዚሁ ኮድ ሥር ናቸው፤ ዝርዝሩን እዚህ ያለው ማዞሪያ ይጨርሰዋል። በአይፒ አድራሻም በግራ በኩል ያለው ክፍል መረቡን ያመለክታል፣ በቀኝ በኩል ያለው በመረቡ ውስጥ ያለውን አንድ መሣሪያ ያመለክታል። ልዩነቱ ድንበሩ ቋሚ አለመሆኑ ላይ ነው፤ የት እንደሚያርፍ ማስክ የምንለው ቁጥር ይናገራል። ማስኩ 255.255.255.0 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የመረቡ ናቸው። የቀረው አንዱ 256 አድራሻ ይሰጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ለመረቡ አገልግሎት ስለሚያዙ 254 ለመሣሪያ ይተርፋሉ። መሣሪያችሁ በማስኩ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ የምልክለት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? እዚሁ ከሆነ በቀጥታ ይሰጠዋል። ውጭ ከሆነ ለጌትዌዩ፣ ማለትም ለራውተሩ፣ ያስረክበዋል። ጌትዌዩ በስሕተት የተሞላበት ኮምፒውተር ፕሪንተሩን እያየ ኢንተርኔት የሚያጣው ለዚህ ነው።

አድራሻውን ለስልካችሁ የሚሰጠው ማነው? ዲኤችሲፒ የሚባል ፕሮቶኮል ነው፤ በቤትና በሱቅ ውስጥ ሥራውን ራውተሩ ይሠራዋል። እዚህ ላይ ልቆይ፤ እኔ ከማየው ብልሽት ብዙው የሚገኘው እዚህ ነውና።

ስልኩ “አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ” እያለ ከቆመ አድራሻ ጠይቆ መልስ አጥቷል ማለት ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁም እንዲሁ ነው፤ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው አድራሻ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው መደወል አይጠቅምም፤ ችግሩ ከግድግዳችሁ አልወጣም።

ሌላው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። የአንድ ምግብ ቤት ዋይፋይ ጓዳ ድረስ አልደርስ ስላለ ባለቤቱ ሁለተኛ ራውተር ይገዛል። ከመጀመሪያው የመጣውን ኬብል ላን ከሚለው ቀዳዳ ይሰካዋል። አሁን በአንድ ቤት ውስጥ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት ሆኑ። ከመጀመሪያው የተቀበለ ደንበኛ ይሠራለታል። ከሁለተኛው የተቀበለው ግን “ጌትዌይህ እኔ ነኝ” ስለተባለ ፓኬቱን መውጫ ለሌለው ራውተር ይሰጣል። የአንዱ ስልክ ይሠራል፣ አጠገቡ የተቀመጠው አይሠራለትም፤ ጠዋት ደህና የነበረው ማታ ይጠፋል። ሰው በዚህ ምክንያት አቅራቢውን ሲወቅስ፣ ስልክ ሲቀይር አይቻለሁ። መፍትሔው የሁለተኛውን ራውተር ዲኤችሲፒ ማጥፋትና ለራሱ ከመጀመሪያው ጋር የማይጋጭ አድራሻ መስጠት ነው። ዕቃ መግዛት የለበትም።

ከ32 ቢት የሚገኘው አድራሻ 4,294,967,296 ነው፤ ከዓለም ሕዝብ ያንሳል። ዓለም አቀፉ መዝገብ የነበረውን የመጨረሻ ትልልቅ ድርሻ ለአምስቱ የአህጉር መዝገቦች ያከፋፈለው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ነው። የአፍሪካው መዝገብ አፍሪኒክ ሲሆን መቀመጫው ሞሪሸስ ነው። እጥረቱ እንደሚመጣ ቀድሞ ስለታወቀ በ1996 ሦስት የአድራሻ ክልሎች ለግል አገልግሎት ተለዩ፦ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ በ192.168 የሚጀምሩት። እነዚህን ማንም ሳያስፈቅድ በቤቱ ይጠቀማል። ሳቢያን ያለ ሱቅና ናይሮቢ ያለ ቢሮ ሁለቱም 192.168.1.5 ሊኖራቸው ይችላል፤ አይጋጩም፣ ምክንያቱም ይህ አድራሻ ከቤት አይወጣም። ፓኬቱ ሊወጣ ሲል ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በራሱ የአደባባይ አድራሻ ይተካዋል፣ የማን እንደነበረም ፖርት በሚባል መለያ ቁጥር ይመዘግባል፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ይመልሳል። ይህ አሠራር ናት ይባላል።

ብዙ የሞባይል አቅራቢዎች ደግሞ ይህንኑ በራሳቸው ማዕከል ይደግሙታል። ብዙ ደንበኛ አንዱን የአደባባይ አድራሻ ይጋራል። የሱቅ ባለቤቶች ሆይ፣ የደኅንነት ካሜራ አስተክላችሁ ከቤት ሆናችሁ ለማየት አልሆን ያላችሁ አላችሁ። ባለሙያው ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቶ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ያቅተዋል። ምክንያቱን እንዲህ ለዩት፦ ራውተሩ ከውጭ በኩል የያዘውን አድራሻ ተመልከቱ። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከእናንተ በላይ ሌላ ናት አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት እዚያ ይቆማል። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፤ ከአቅራቢው ቋሚ የአደባባይ አድራሻ መግዛት፣ ወይም ካሜራው ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ በአምራቹ ሰርቨር በኩል እንዲታይ ማድረግ። ሁለተኛው ይቀላል፤ ነገር ግን የሱቃችሁ ምስል በሌላ ሰው ሰርቨር በኩል እንደሚያልፍ አውቃችሁ ግቡበት።

አሁን ፓኬቱ ከቤት ወጥቷል እንበል። መንገዱን የሚያውቅለት ማነው? ማንም። ብዙ ሰው አንድ ቦታ የተቀመጠ የኢንተርኔት ካርታ ያለ ይመስለዋል፤ የለም። እያንዳንዱ ራውተር የያዘው ሰንጠረዥ ነው፤ “በዚህ የሚጀምር አድራሻ ቀጥሎ ለዚያ ይሰጥ” ይላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አይከታተልም። ከሰንጠረዡ ውስጥ ሁለት መስመር ከገጠመለት ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ይመርጣል፤ ምንም ካልገጠመለት ወደ ነባሪው መንገድ ይልካል። የቤታችሁ ራውተር የሚያውቀው ይህን ያህል ነው፦ የቤቱ እዚህ፣ የቀረው ዓለም ሁሉ በዚያ በኩል።

ራውተሮች ተሳስተው ፓኬቱን እርስ በርስ እንዳይቀባበሉት መከላከያ አለ። እያንዳንዱ ፓኬት የዕድሜ ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ሊኑክስና አንድሮይድ ብዙውን ጊዜ 64፣ ዊንዶውስ 128 ይሰጡታል። ያለፈበት ራውተር ሁሉ አንድ ይቀንስለታል። ዜሮ ሲሆን ይጣላል፤ የጣለው ራውተርም “እኔ ዘንድ አለቀ” ብሎ ለላኪው ይነግራል። ትሬስሩት የሚባለው ፕሮግራም የተሠራው በዚህ ላይ ነው። ዕድሜው 1 የሆነ ፓኬት ይልካል፣ የመጀመሪያው ራውተር ራሱን ያስታውቃል፤ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3። እንዲህ እያለ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያችኋል። ወጣቶች፣ ከመሣሪያዎቻችሁ ሁሉ ይህን ውደዱት። መስመሩ በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ከተቋረጠ ቤታችሁ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ላይ ከተቋረጠ አቅራቢው ዘንድ ነው። በመሐል ኮከብ ብቻ አሳይቶ ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ግን ብልሽት አይደለም፤ ያ ራውተር ራሱን እንዳያስታውቅ ተደርጎ ነው።

መንገዱ ከመልክዓ ምድር ጋር ላይገጥም እንደሚችልም ዕወቁ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የዓለም አቀፍ ፋይበሯ በጎረቤት አገሮች በኩል ይወጣል፤ ከእነዚህ አንዷ ብዙ የባሕር ኬብሎች የሚያርፉባት ጅቡቲ ናት። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ትቀርባለች። ሆኖም የአቅራቢያችሁ የውጭ መውጫ ራውተር አዲስ አበባ ላይ ከሆነ ፓኬቱ ወደ ምዕራብ ሄዶ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ይመጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ባለች ሳተላይት በኩል ከሆነ ግማሽ ሰከንድ የሚጠጋ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የተባሉ ኬብሎች በቀይ ባሕር ውስጥ ሲጎዱ በአፍሪካና በእስያ ያሉ አቅራቢዎች ፓኬቶቻቸውን በሌላ መንገድ አዙረዋል። ገጹ ይከፈታል፣ ግን ይዘገያል። እንዲህ ያለው መዘግየት በእናንተ ራውተር አይፈታም።

አቅራቢዎች እርስ በርስ መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ቢጂፒ ይባላል። ያኮቭ ሬክተርና ከርክ ሎጊድ በ1989 በአንድ ስብሰባ መሐል ምሳ ላይ ሳሉ በናፕኪን ላይ ነው የነደፉት። እያንዳንዱ ትልቅ መረብ የራሱ ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። በቢጂፒ አንዱ መረብ ለጎረቤቱ “እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ” ይላል፤ ጎረቤቱም ለሌላው ያስተላልፋል። የተመሠረተው በመተማመን ላይ ነው፤ መተማመኑም ሲጎዳ ታይቷል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት ብሎ ከዩቲዩብ 1,024 አድራሻዎች ውስጥ 256ቱን “እኔ ጋ ናቸው” ብሎ አስታወቀ። ማስታወቂያው ከአገር አምልጦ ወጣ። ቀደም ብዬ ዝርዝሩ ይመረጣል ያልኳችሁን አስታውሱ፤ የዓለም ራውተሮች የ256ቱን ማስታወቂያ መረጡ፣ ዩቲዩብም ለሁለት ሰዓት ያህል ከዓለም ብዙ ክፍል ጠፋ። ማንም ሰርቨሩን አልነካውም።

ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትሳፕና ኢንስታግራም ስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፉም እንዲሁ ነበር። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የውስጥ መስመር ቆረጠ፤ የስም ሰርቨሮቹም መንገዳቸውን ከቢጂፒ አነሡ። ሠራተኞቹ ሕንፃው ውስጥ ለመግባት ሳይቀር ተቸገሩ።

የስም ሰርቨር ስል ዲኤንኤስን ማለቴ ነው። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 የነደፈው ሥርዓት ሲሆን የገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ይቀይራል። ለሥራችሁ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጋችሁ፣ ማለትም “አለህ?” የሚል ፓኬት ልካችሁ፣ መልስ እያመጣ በስም ግን ምንም ካልተከፈተ መንገዱ ደህና ነው፤ የታመመው ዲኤንኤስ ነው። የዲኤንኤስ አድራሻውን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ስልኩን ፍላሽ አታድርጉ።

ፓኬት ሊጠፋ እንደሚችል ተናግሬአለሁ። ታዲያ ፎቶው እንዴት ሙሉ ሆኖ ይደርሳል? ኃላፊነቱ የራውተሮቹ አይደለም። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 ባሳተሙት ሥራ ላይ የተመሠረተው ቲሲፒ፣ በላኪውና በተቀባዩ መሣሪያ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ መረብ አርፓኔት ወደ ቲሲፒና አይፒ የተሸጋገረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ነው። ቲሲፒ ለሚልከው ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፣ ተቀባዩ “ደርሶኛል” ይላል፣ ያልደረሰው ድጋሚ ይላካል። መሐሉ ቀላል ሆኖ ጥንቃቄው ወደ ጫፎቹ መውጣቱን ከኢንተርኔት ንድፍ ሁሉ የምወደው ነው። አዲስ አገልግሎት ለመፍጠር የመሐሉን ባለቤት ማስፈቀድ አያስፈልግምና። ከዚህ አዳራሽ ያለ ተማሪ ሁለት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ነገር ከጻፈ ዓለም ዳር ድረስ ይሠራለታል።

ግን ላኪዎች ሁሉ ባልደረሰው ላይ እየደገሙ ቢልኩስ? በኦክቶበር 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ደረሰ። ሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪንና የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲን፣ አራት መቶ ሜትር እንኳ የማይራራቁትን፣ የሚያገናኘው መስመር ከ32,000 ቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት ወረደ። ሁሉም ይደግማል፣ መስመሩ በድጋሚ ይሞላል። ቫን ጃኮብሰን ከዚያ ተነሥቶ በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ዛሬም በየስልካችሁ ውስጥ አለ፦ በዝግታ ጀምር፣ እያየህ ጨምር፣ ፓኬት ከጠፋ ፍጥነትህን ቀንስ። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ዳታ ከፍቶ ሰፈሩ ሲጨናነቅ ቪዲዮው ጥራቱን እየቀነሰ የሚቀጥለው ሁሉም ለሁሉም ቦታ ስለሚለቅ ነው። የድምፅ ጥሪ ግን ጠፍቶ ዘግይቶ የሚደርስ ቃል ስለማይጠቅመው ብዙውን ጊዜ ዩዲፒ በሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ይሄዳል፤ የጠፋውን ትቶ ያልፋል። ለዚህ ነው ፎቶ ዘግይቶ ሙሉ ሆኖ ሲደርስ ጥሪ በሰዓቱ ግን እየተቆራረጠ የሚደርሰው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተቀበልኩ፤ ሁለቱን እዚህ አስገብቻለሁ።

አንዲት እኅታችን ስለ አዲሱ የአይፒ ዕትም፣ ስለ ስድስተኛው፣ ጠየቀች። በ1998 የወጣው ይህ ዕትም አድራሻውን 128 ቢት አድርጎታል። ብዛቱ በ3.4 ጀምሮ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ አሃዝ ይደርሳል፤ ለያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የአደባባይ አድራሻ ይበቃል። የካሜራው ችግር ያለ ናት ይፈታል፤ መከላከያው ፋየርዎል የሚባለው፣ ያልተፈለገን ፓኬት የሚከለክለው በር ጠባቂ ሥራ ይሆናል። ተማሪዎች አሁኑኑ ተማሩት። የድሮው በሕይወት ሳለ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ሁለቱንም የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሌላ ወንድማችን የጠየቀው ከመጋላ ነው፦ “እኔ የአንዱ አቅራቢ ሲም አለኝ፣ ጎረቤቴ የሌላው። ፋይል ስልክለት እዚሁ ነው የሚሻገረው?” ጥያቄው ለድሬዳዋ ሰው ተገቢ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኦገስት 2022 አገልግሎቱን ሲጀምር መጀመሪያ የከፈተው እዚህ ከተማ ነበርና። ሁለት መረብ ያለበት ቦታ የሚገናኙበት ነጥብ ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ ካልተገናኙ ፓኬቱ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ጎረቤት ይገባል። ኬንያ ውስጥ አንድ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ የናይሮቢ አቅራቢዎች በ2000 መጨረሻ የመገናኛ ማዕከል አቋቋሙ፣ ወዲያው በተቆጣጣሪው ትእዛዝ ተዘጋ፣ ተከራክረው በ2002 መጀመሪያ ዳግም ከፈቱት። ማዕከሉ ሕንፃ ሆኖ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ በአንድ ክፍል የተቀመጠ፣ ኬብሎችን የሚያገናኝ ስዊች የሚባል መሣሪያና የመስማማት ፈቃድ ነው። ወንድሜ፣ ለአንተ የምመልሰው የእኔን ቃል ሳይሆን መሞከሪያውን ነው። በሌላው አቅራቢ መረብ ውስጥ ካለ፣ የአደባባይ አድራሻ ካለው ሰርቨር ጋር ትሬስሩት አድርግ። ሁሉም መስመሮች ጥቂት ሚሊሰከንድ ከሆኑ እዚሁ አገር ተሻግሯል። በመሐል ድንገት ከመቶ በላይ ዘሎ ከዚያም እስከ መጨረሻው እንደዚያው ከቆየ ፓኬትህ ከአገር ወጥቶ ነው የተመለሰው፤ የዘለለበት መስመር ላይ የተጻፈው ስም ደግሞ የማን መረብ ውስጥ እንደገባ ይነግርሃል።